ከጭልሞ በላይ ጭልፊት ስንቆጥር

አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬም አልችልም፤ ያኔ ግን ጭራሽ አይሆንልኝም ነበር። አምቦ በነበረው መሥሪያ ቤታችን የሥራ ጓደኞቼ ወንበሬን «የእንግዳ ወንበር» ይሉታል፤ እኔ ስለማልቀመጥበት የመጣ እንግዳ ሁሉ ያርፍበት ነበር። የጀመርኩትንም ጨርሼ አላውቅ። የጽሕፈት መኪና ትምህርት ጀምሬ በሁለተኛው ወር ተውኩት። ከተከራየሁት ቤት ጓሮ ጎመን ልተክል መደብ ቆፍሬ፣ ጎመኑ ሳይተከል ክረምቱ አለፈ። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ይኼ ልጅ ሲወለድ እግሩ ነው ቀድሞ የወጣው» ትላለች፤ እውነቷን ይሁን ቀልዷን እስካሁን አላውቅም።

ስለዚህ አለቃችን «አርባ ቀን ተራራ ላይ ተቀምጦ ጭልፊት የሚቆጥር ማን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የእኔ እጅ መውጣቱ ቢሮውን በሳቅ ሞላው። አንዱ፣ «በሦስተኛው ቀን አምቦ አደባባይ ላይ እናገኝሃለን» አለኝ። እልህ ያዘኝ። በሕይወቴ አንድ ነገር ዳር ሳላደርስ አልመለስም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጊዜው የሰባዎቹ መጨረሻ ነው። መሥሪያ ቤታችን የሰብል ተባይ ያጠናል። በዚያ ዓመት አይጥ የገበሬውን ገብስና ስንዴ እየፈጀ አስቸግሮ ነበር፤ አይጥን የሚፈጀው ደግሞ ጭልፊት ነው። አለቃችን ውጭ አገር ሲማር የተዋወቀው ሰው ባዶ ቅጾች ልኮለታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አገራቸው በረዶ ሲሆን ከሩቅ ሰሜን ወደ እኛ የሚወርዱ ጭልፊቶች አሉ። በጋውን እኛ ዘንድና ከእኛም ወዲያ ከርመው፣ መጋቢት ሲገባ ተሰብስበው ይመለሳሉ። ስንት ሆነው እንደሚመለሱ በእኛ በኩል የቆጠረ ሰው የለም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አለና አለቃዬ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ትልቅ ደብተር ሰጠኝ። «ያየኸውን ሁሉ ጻፍ። አንድ ቀን እንዳትዘል።» ዓምዶቹን እኔው በማስመሪያ አሰመርኳቸው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ብዛት፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሌላ የታየ»።

ጊንጪ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከዚያ እስከ ተራራው ራስ በእግር ሁለት ሰዓት ይሆናል። መጀመሪያ የታጨደ ማሳ፣ ቀጥሎ የጭልሞ ደን ጥድና ዝግባ፣ ከደኑ በላይ ሣርና ድንጋይ ብቻ የሆነ ገላጣ። ያን ጊዜ የሩቅ ማያ መነጽር አንገት ላይ አንጠልጥሎ ተራራ ላይ መዋል ቀልድ አልነበረም፤ ሰላይ ያሰኛል። ስለዚህ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር የደብተሬን ገጾች በሙሉ ቁጥር ሰጥቶ አስቀድሞ ማኅተም እንዲያሳርፍባቸው ለመንኩት። ገጽ ቀደደ፣ ገጽ ጨመረ ተብዬ እንዳልታማ ነው። ደስ ብሎት አንድ በአንድ አተማቸው። በየቅዳሜው ደብተሩን ይዤ እንድመጣና የሳምንቱን እንዲያይልኝ ተስማማን።

ይህ ሊቀመንበር በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የተማረና በመማሩ የሚኮራ። መንደሩ ውስጥ የሚነበብ ነገር ስላልነበረው የእኔ ደብተር ለዓይኑ ሠርግና ምላሽ ሆነለት። መጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ለይስሙላ አይቶ የሚመልሰው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጣቱን ከመስመሩ በታች እየጎተተ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንድ ቃል ሳይዘል አነበበው። ጉሬዛ ከጉሬዛ ሲጣላ አይቼ ጽፌ ነበርና እዚያ ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ ተመልሶም አነበባት። እኔም እንደ ደራሲ ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም።

ከእኔ ጋር ተራራው ራስ ላይ የሚውሉት የደኑ ጠባቂ ነበሩ። ሃምሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ሃያውን ዓመት ጭልሞን ጠብቀዋል። «ኦቦ» ብዬ ስማቸውን አስከትዬ እጠራቸው ነበር፤ ስማቸውን ግን እዚህ አላነሳውም። እኔም የአምቦ ልጅ ስለሆንኩ ኦሮምኛውንና አማርኛውን እያደባለቅን እናወራለን። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ ተነሥተው ወደ ደቡብ ጠቆሙ።

«ኢላ! ጩሉሌ!» አሉኝ። እይ፣ ጭልፊት ማለታቸው ነው።

እኔ ባዶ ሰማይ ነው የማየው። መነጽሩን ዓይኔ ላይ ደቅኜ ብዙ ከፈለግኩ በኋላ ነው እንደ ጤፍ ደቅቀው፣ እየተሽከረከሩ ሲወጡ ያገኘኋቸው። ሰውየው በባዶ ዓይናቸው ነው ያዩዋቸው።

«ስንት ናቸው?» አልኳቸው ብዕሬን ይዤ።

«አየኋቸው እኮ።»

«ብዛታቸውን ማለቴ ነው።»

«ለኪ» አሉ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። «ነፍስ ያለው ነገር አይቆጠርም።»

ስንት ከብት አለዎት ብላቸው «አሉኝ» ነው መልሳቸው። ስንት ልጅ ብላቸው «አሉ፣ ይመስገን» ብቻ። ከቆጠሩት ይጎድላል። ታዲያ ከብት ሲጠፋ በምን ያውቃሉ ብዬ ተከራከርኩ። «ዳለቻዋ የለችም እላለሁ፣ ቡሬው የለም እላለሁ። ቁጥር የሚያስፈልገው ለማያውቃቸው ሰው ነው» አሉኝ። ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ የእኔ ደብተር ባዶ ሊሆን ነው!

በማግሥቱ የዱቄት ወተት ጣሳና አንድ ኪስ ሽምብራ ይዤ ወጣሁ። ጭልፊት ባዩ ቁጥር አንድ አንድ ሽምብራ ጣሳው ውስጥ ይጣሉ፣ ቁጥር አይጥሩ አልኳቸው። ሽምብራውን በጣታቸው እያገላበጡ፣ «ሽምብራ መጣል መቁጠር አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ማታ ሽምብራውን የምትቆጥረው አንተ ነህ። ኃጢአቱም ያንተ ነው።» ተስማማሁ። ከዚያ በኋላ ሥራችን አማረ። ቡድኑ ሲመጣ የሽምብራው ድምፅ ጣሳው ውስጥ ኳ፣ ኳ ይላል፤ እኔ ሰዓቱንና ነፋሱን እጽፋለሁ፤ አመሻሽ ላይ ቤቴ ቆጥሬ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። የማይሄዱትን፣ እዚሁ የሚኖሩትን ጭላትና ጥንብ አንሳ ሲያዩ ሽምብራ አይጥሉም፤ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳቱም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ዘግይቼ የሰማሁትን አንባቢዬ አሁኑኑ ቢያውቀው ይሻላል። በዚያ ሰሞን የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ነበር። ለገበሬ ማኅበሩ ኮታ ወርዶበታል። የጠባቂው ትልቅ ልጅ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ገበሬ፣ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ሊወስዱት ሲመጡ ከቤቱ አጡት። ወለጋ አጎቱ ዘንድ ሄዷል ተብሎ ተወራ፤ አልሄደም። ከእኛ እግር ሥር፣ ደኑ ውስጥ፣ አንዲት ምንጭ አጠገብ ነበር። አባትየው ከእኔ ጋር ተራራው ላይ የሚውሉት ለደሞዛቸው ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ሆነው ወደ ደኑ የሚገባውን ሰው ሁሉ ያያሉ። እኔ ወደ ሰማይ አያለሁ፣ እሳቸው ወደ ታች። ይህን አላወቅኩም።

ጭልፊት መቁጠር ማለት በአብዛኛው ምንም አለመቁጠር ነው። ለሁለት ሰዓት አንዲት ላባ አታይም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሰማዩ ይሞላና ባሥር ደቂቃ ያልፋል። እኔን የገደለኝ ባዶው ሰዓት ነበር። እነሣለሁ፣ ድንጋዩን እዞራለሁ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ እንደገና እዞራለሁ። የሁዳዴ ጾም ስለነበረ ሆዴም አላገዘኝም። ጠባቂው፣ «እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?» እያሉ ይስቁብኛል። «ወፉ አገሩ ለመግባት እንዲህ አልቸኮለም።» አንዳንድ ቀን ደብተሩን ገደል ወርውሬ፣ መኪና መንገዱ ላይ ወርጄ፣ ወደ እጃጂ ይሂድ ወደ አዲስ አበባ ሳልጠይቅ ያገኘሁት አውቶቡስ ላይ መሳፈር ያምረኝ ነበር።

ያዳነኝ መጻፍ ነው። እጄ ሥራ ሲይዝ እግሬ ያርፍ እንደነበር ደረስኩበት። «ሌላ የታየ» የምትለዋን ዓምድ እንደ ጉድ ሞላኋት። ደመናው ከየት እንደመጣ፣ ቀበሮ የቱ ጋ እንደተሻገረ፣ አንዲት ላም ጠፍታ በኦሮምኛ ስትጠራ እንደዋለች፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ቦታ ሲጠበኝ ፊደሌን አሳነስኩ። ቅዳሜ ሊቀመንበሩ እንደሚያነበው ስለማውቅ ቋንቋዬን አሳምርለትም ጀምሬ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት ከምንጩ በታች፣ ከዛፎቹ መሐል ቀጭን ጭስ አየሁ። ሰኞም አየሁት፤ በዚያችው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት።

«የምን ጭስ ነው?» ብዬ ጠባቂውን ጠየቅኳቸው።

«ማር ቆራጮች ይሆናሉ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሰማዩ ላይ ሳይነቅሉ።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ያ ጭስ ነፋሱን ከማንኛውም ነገር አብልጦ ያሳየኛል። ጭሱ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ጭልፊቶቹ በምሥራቅ በኩል ይወጣሉ፤ ቀጥ ብሎ ሲወጣ በራሳችን ላይ ያልፋሉ። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ከእሑድ እስከ ሐሙስ በየቀኑ ጻፍኩት፦ «ጭስ፣ ከምንጩ በታች፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት፣ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ።» አምስት ቀን፣ አምስት መስመር፣ ጥርት ባለ ቀለም።

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ሰማዩ ባዶ ሆነ። ጠባቂው እኔ ስጽፍ ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ወፍ በሌለበት ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፈው?» አሉኝ። የጠየቀኝ ሰው አላገኘሁም እንጂ ዱሮም ልናገር ፈልጌ ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ እኔው በኦሮምኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ቀበሮዋን ሲሰሙ ሳቁ። ላሟን ሲሰሙ የባለቤቱን ስም ነገሩኝ። ከዚያ ጭሱ ላይ ደረስኩ፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ አምስቱንም ቀን። ቀና ስል ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል። እጃቸው ውስጥ የነበረው ሽምብራ ሣሩ ላይ ተበትኗል፤ አልለቀሙትም።

«ይህን ሰው ያየዋል?» አሉኝ።

«ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ያነበዋል።»

«ሁሉን?»

«አንድ ቃል አይዘልም።»

ወደ እኔ ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩኝ፤ ልጃቸው እንደሆነ፣ አርባ ቀን ሊሞላው እንደሆነ፣ ሌሊት ሌሊት ሚስቱ ዱቄት እንደምታደርስለት፣ ጠዋት ቂጣ እንደሚጋግር። እሳት ቀን አታንድድ ብለውት ነበር፤ ሌሊት እሳት በሩቅ ይታያል ብሎ ፈርቶ ነው ጠዋት ያደረገው። ሲነግሩኝ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መላ ፍለጋ ቁጭ ብድግ ማለት ጀመርኩ። ገጹን ልቅደደው? ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፤ ራሴው ለምኜ ያሳተምኩት ማኅተም! ደብተሩን ጣልኩት ልበል? መነጽር ይዞ ተራራ ላይ የሚውል ሰው የታተመ ደብተሩ ጠፋ ቢል መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ነው፤ ቀጥሎም ተራራውን ያስሱታል። ቀለም ላፍስበት? አምስቱም ቀን ላይ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። «ልጁ ዛሬውኑ ወደ ተራራው ወዲያኛው ጎን ይሻገራል» አሉኝ ጠባቂው ሲወርዱ። «አመዱን ግን ያገኙታል። አመድ ካገኙ መፈለጋቸውን አይተዉም።»

ዓርብ ጠዋት ተራራው ራስ ላይ ቀድመውኝ ደርሰው አገኘኋቸው። ፊታቸው አርፏል። አጠገባቸው ቁጭ አሉና እንድቀመጥ በእጃቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ተቀመጥኩ።

«ከጭሱ ጎን ባዶ ቦታ አለ?» አሉ።

«ትንሽ አለ።»

«የጠባቂው እሳት ነው ብለህ ጻፍበት።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ አልጽፍም አልኩ። ደን ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ የሚከለክሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ሌላውን ከልክለው ራሳቸው አነደዱ ከተባለ ሥራቸውም ይሄዳል፣ ይታሰራሉም። ይህን እያነሣሁ ተከራከርኳቸው፤ ድምፄም ሳይጮህ አልቀረም።

«የእኔ እስር ወር ነው፣ ሁለት ወር ነው» አሉኝ። «የእሱ መንገድ ግን ሰሜን ነው። የሄደ ሲመለስ አይተሃል? ጻፍ። እኔ መጻፍ ብችል አንተን አልለምንም ነበር።»

ጻፍኩ። አምስቱም ቀን ላይ፣ ከጭሱ ጎን፣ በዚያው ብዕር፣ በዚያው ደቃቅ ፊደል «የጠባቂው እሳት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጭልፊት አለፈ፤ ሽምብራ የጣለም ደብተር የነካም አልነበረም።

ቅዳሜ ሁለታችንም ሊቀመንበሩ ፊት ቆምን። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ለእውነት ስል እናገራለሁ። ኮታው ካልሞላ የራሱ ታናሽ ወንድም እንደሚሄድ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ወንበሩን አስተካክሎ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አኑሮ ጀመረ። እሑድ። ሦስት ሰዓት። የጭልፊት ብዛት። ነፋስ። ቀበሮ። እኔ ጣቱን ብቻ ነው የማየው። ጭሱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ መልሶ አነበበው፤ ከዚያ «የጠባቂው እሳት» የምትለዋን ፊደል በፊደል አወጣት። የሰኞንም፣ የማክሰኞንም፣ እስከ ሐሙስ ድረስ እንዲሁ አነበበ።

«እርስዎ ነዎት ደን ውስጥ እሳት የሚያነዱት?» አላቸው ቀና ብሎ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«በረደኝ።»

«በመጋቢት?»

«ያረጀ ሰው መቼም ይበርደዋል።»

ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ገብቶት ይሁን ሳይገባው ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ነጭ ወረቀት አውጥቶ በራሱ እጅ፣ ቀስ ብሎ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ጻፈ። ጠባቂው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «አንተ ምስክር ነህ፤ ያየኸው አንተ ነህ» አለኝ። ፈረምኩ። ደግ ሰው ላይ በሐሰት መስክሬ ፈረምኩ፤ ያውም በሰውየው ልመና። ሁለት ታጣቂዎች ወደ ጊንጪ ይዘዋቸው ሄዱ።

ሰው ከዚያ በኋላ ቆጠራውን ትቼ ወደ አምቦ የተመለስኩ ይመስለዋል። አልተመለስኩም። ለሌላው ሰው «ድንገት ባቆም ይጠረጥሩኛል» እል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ደግሞ ደብተሩን ሙሉ ላደርገው ፈልጌ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ለብቻዬ ጠዋት ጠዋት ወጣሁ። ዓይኔ ከፍ ብለው የሚያልፉትን አያገኛቸውም፤ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ። ቅጹን ያየ ሰው በዚያ ሳምንት ጭልፊቱ ያለቀ ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላ ወርጄ ዳቦና ቆሎ ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያው እሄዳለሁ። ጠባቂው ምግቡን ተቀብለው፣ አከም ጂርታ፣ ደህና ነህ ወይ ብለው፣ ስለ ጤናዬና ስለ እናቴ ይጠይቁኛል። ስለ ልጃቸው እኔ አልጠይቅም፣ እሳቸውም አያነሡም። ሁለታችንም ካልተናገርነው የሚደበቅ ይመስለን ነበር።

በታሰሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ጣቢያው በር ላይ ስንቅ ካመጡ ሰዎች ጋር ተሰልፌ ነበር። ከገበያው በኩል አንድ ሰው መጣ። ቀይ፣ ረጅም፣ ፀጉሩን የዚያኑ ዕለት የተላጨ፤ ጋቢው ታጥቦ ገና አልደረቀም። ሰልፉን አልያዘም። በቀጥታ በሩ ላይ ወደቆመው ፖሊስ ሄደ።

«እሳት አነደዱ ብላችሁ ያሰራችኋቸው ሽማግሌ አሉ» አለው። «እሳቱ የእኔ ነው። እሳቸውን ልቀቁና እኔን መዝግቡኝ።»

እኔ ጭሱን እንጂ ሰውየውን አይቼው አላውቅም ነበር። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሩቅ ሲያይ ግን ቁርጥ አባቱን ነው። ወደ እኔም አየ፤ ስለማያውቀኝ አለፈኝ። ዳቦውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ተመለስ፣ አባትህ የታሰሩት አንተን ለማዳን ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የሚያውቀውን ነው የምነግረው። ያን ያህል ቀን ፍርሃት ደን ውስጥ ያከረመውን ሰው የአባቱ መታሰር አስወጣው። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስገባው፤ ሰልፉም ወደፊት ተራመደ።

በማግሥቱ ከሌሎች ምልምሎች ጋር በጭነት መኪና ወሰዱት። አባትየው የተለቀቁት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ሥራቸውን ሌላ ሰው ይዞታል።

ቆጠራው ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረፋዱ ላይ፣ ከደኑ ውስጥ ሲወጡ አየኋቸው። የጥበቃ ካፖርታቸውን አስረክበዋል፤ በሸሚዝና በጋቢ ናቸው። ተነሥቼ ሮጥኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። ብዙ ሰላም ተባባልን፤ እሳቸውም ሰላምታውን አንድ ሳያስቀሩ ጨረሱ። ከዚያ በቦታቸው ተቀመጡ። ቡድን እየመጣ ነበር፤ ወደ ደቡብ ቀና ብለው አዩት፤ በላያችን አልፎ ወደ ሰሜን ሲሄድም እስኪጠፋ ድረስ አንገታቸውን አዙረው ተከተሉት። እኔ ምንም አልጻፍኩም።

«ይቅር በሉኝ» አልኳቸው። «የእኔ ጥፋት ነው። ያን ጭስ ባልጽፍ...»

«ወረቀት አለህ?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«የጦር ማሠልጠኛው ድረስ የሚሄድ ሰው ነገ ከጊንጪ ይነሣል። ለልጄ ጻፍልኝ። እሱ ማንበብ ይችላል፤ በዘመቻው ተምሯል።»

ከደብተሬ መጨረሻ፣ ከሽፋኑ ውስጥ የተለጠፈውን፣ ገጽ ተብሎ ስላልተቆጠረ ማኅተም ያልነካውን ንጹሕ ወረቀት ገነጠልኩ። ጉልበቴ ላይ አስተካክዬ ብዕሬን አወጣሁ። የሚሉትን ሁሉ ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ በሬዎቹ። የእኔንም ይቅርታ ከታች እጨምርበት ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር።

«ወጥቻለሁ በለው» አሉ።

ጻፍኩ። ቀና ብዬ ጠበቅኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሰላምታ እንኳ ላድርግበት? ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እናትህ ደህና ናት ልበለው?»

«ለኪ» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም። «ሌላ አትጻፍ። አንተ መጻፍ ታበዛለህ።»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ማንበብ ባይችሉም ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አንዷን ቃል አዩዋት። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውንም አዩ፤ አጥፈውም ኪሳቸው ከተቱት።